በብርዱ ወራት የመጣ ሰው

የደጋ ሰው «ድሬዳዋ ደግሞ ምን ብርድ አላት?» ብሎ ይስቃል። ዓመቱን ሙሉ ላቡን ሲጠርግ ለኖረ የድሬ ልጅ ግን ኅዳር ገብቶ ማለዳው ቀዝቀዝ ሲል፣ ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥን ሲወጣ፣ እሱ ብርድ ነው፤ ያውም የሚናፈቅ ብርድ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለው በአሮጊቷ በኢዲል ቤት ይህ ወቅት ከዒድ ቀጥሎ በጉጉት ይጠበቅ ነበር። ሌላ ጊዜ ፀሐይ ሸሽቶ በሩን ዘግቶ የሚውለው ቤተሰብ በብርዱ ወራት ኑሮውን ጠቅልሎ ጓሮ ይወጣል። ምንጣፉ ከኒሙ ዛፍ ሥር ይነጠፋል፤ ሻሂው እዚያ ይጠጣል፤ ወሬው እዚያ ይወራል። ከቁርስ የተረፈው ፍርፋሪ የወፎች ድርሻ ነው።

ይህን ልማድ ያመጣው የኢዲል የበኩር ልጅ ዒሴ ነበር። ዒሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ አቧራውን ሳያራግፍ ትንሿን ልጁን ዊዳድን ትከሻው ላይ ይሰቅልና «እኔ ሳልኖር ማን ማን መጣ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች። ዋኖሷ መጣች፤ ያ ቀይ መንቁሩ የረዘመ ወፍ የራሱን መልክ መስታወቱ ላይ አይቶ መስኮቱን ሲቆረቁር ዋለ፤ ጦጣዎቹ የአያቷን ፓፓያ ሰረቁ፤ ኤሊዋ ከቧንቧው ሥር አልነቃነቅ አለች። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ደግሞ እናቱን፣ ሚስቱን ፋርቱንንና ልጁን አስከትሎ በእግር ወደ መናፈሻው ይሄዳል። ሳምቡሳ በሳህን፣ ሻሂ በፔርሙስ ተይዞ እስከ ማምሻው እዚያ ይቆያሉ።

አንድ ማለዳ ዒሴ «እመጣለሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው በረሃው ላይ ተገለበጠ፤ እሱም እዚያው ከመንገዱ ዳር ተቀበረ።

ፋርቱን ያን ቀን ሁለት ነገር አጣች፤ ባሏንና የልጇን ሳቅ። ዊዳድ ለቅሶው ካበቃ በኋላ እንኳ ጓሮው ውስጥ ቁጢጥ ብላ ወፎቹን ዝም ብላ ታያለች እንጂ ማን እንደመጣ ለማንም አትናገርም። ቀጣዩ ኅዳር ሲገባ ኢዲል ጋርባሳሯን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነሣች። «ዓርባችን አይቀርም» አለች። «ልጄ ያስለመደኝን አላስቀርም።» ሦስቱ ሴቶች፣ አያት፣ እናትና ልጅ፣ እንባቸውን ይዘው መናፈሻ ሄዱ።

እዚያ ነው ነገሩ የተጀመረው። አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ሳምቡሳውን ከዊዳድ እጅ መንትፋ ሮጠች። ዛፎቹን ውኃ ሲያጠጣ የነበረ ቀጭን ሰው የውኃ ጎማውን ጥሎ ሊያባርራት ሲነሣ እግሩ በጎማው ተጠለፈና ጭቃው ላይ በደረቱ ተዘረጋ። ጦጣዋ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እየበላች ትመለከተዋለች። ሰውዬው ከጭቃው ቀና ብሎ ዊዳድን አያት። «እስቲ ለእኔም ታካፍለኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አላት።

ዊዳድ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኢዲል ፊቷን በጋርባሳሯ ሸፍና አለቀሰች።

ሰውዬው ተማም ይባላል። የመናፈሻው አትክልተኛ ነው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በተከራያት አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። «ና፣ ጓሮዬ ውስጥ ለወፎች የውኃ ገንዳ ሥራልኝ» ብላ ቤቷ የጠራችው ኢዲል ራሷ ነበረች። ገንዳውን ሠርቶ ሲጨርስ «ዘይቱናው ተባይ ገብቶበታል» ብላ ዳግም አስጠራችው። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠራው የሚመጣ ሰው ሆነ። ፋርቱን ሻሂ ስታቀርብለት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ቀና ብሎ አያያትም። ልትመለስ ጀርባዋን ስታዞር ግን ዓይኑ እንደሚከተላት ታውቅ ነበር። እንዴት እንዳወቀች ቢጠይቋት አትናገረውም። ጀርባ ዓይን የለውም የሚለው ሰው ተፈቅሮ የማያውቅ ነው።

ይህ በሆነ በዓመቱ፣ ብርዱ ዳግም ሲገባ፣ ተማም ገንዳውን እያጠበ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ፋርቱን፣ እኔ እዚህ የምመጣው ለወፎቹ ብዬ አይደለም» አላት። እሷ ወጥ ቤት ገብታ፣ ለምን እንደገባች ረስታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልቧ እንዲህ ሊመታ ይችላል ብላ ከዒሴ በኋላ አስባ አታውቅም ነበርና ፈራች። ደስታዋን ፈራችው።

*

ፋርቱን እናት አባቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ዘንድ ያደገች ናት። ኢዲል ቤት ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ «ምራቴ» ተብላ አታውቅም፤ «ልጄ» ነው። እሷም «ሆዮ» ነው የምትላት፤ እናቴ ማለቷ ነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የዒሴ ታናሽ ወንድም ዐብዲወሊ ከጅግጅጋ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ፣ ኢዲልም «ፋርቱን፣ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ» ስትላት፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይነገራት ገባት።

«ዐብዲወሊ ለዱማል ነው የመጣው» አለች ኢዲል። «ወንድም የሟች ወንድሙን ሚስት አግብቶ ቤቱን ያቀናል። የአባቶቻችን ደንብ ነው። ልጅቷ ከአባቷ ወገን ጋር ታድጋለች፤ አንቺም ከቤትሽ አትወጪም። እኔም ዓይኔ ሳያያችሁ አልሞትም።»

ዐብዲወሊ መሬት መሬቱን ያያል። እምቢ የሚለው ቃል የፋርቱን ምላስ ሥር ነበር፤ ነገር ግን የኢዲልን ፊት ቀና ብላ ስታይ፣ ያ ፊት ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ ብሎ ነበር። ያንን ብርሃን በገዛ እጇ ማጥፋት አቃታት። ዝም አለች። ዝምታዋ እሺታ ሆኖ ተቆጠረባት።

ዕለቱ ዓርብ ነበርና ከሶላት በኋላ አራት ሆነው መናፈሻ ሄዱ። ቀኑ ደስ ይላል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ፀሐይዋ የማትለበልብ። ቤተሰብ ሁሉ ወጥቷል። ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ጦጣዎች የሰው ሳህን እያዩ ዛፉ ላይ ይንቆራጠጣሉ። ዊዳድ አጎቷ ትከሻ ላይ ተሰቅላ «እዚያ፣ እዚያ ቅርንጫፉ ላይ» እያለች ጣቷን ትቀስራለች። ከሩቅ ለሚያያቸው የሞላ ቤተሰብ ነው።

ከሩቅ የሚያያቸው ተማም ነበር።

ዐብዲወሊ ምንም የማያውቅ የዋህ ሰው ነው። የዥዋዥዌው ገመድ መላላቱን አየና አትክልተኛውን ጠራው። ተማም ገመዱን ሲያጠብቅ ወሬ ጀመረለት። «ሚስቴ ልትሆን ነው» አለው በአገጩ ወደ ፋርቱን እየጠቆመ። «የወንድሜ ሚስት ነበረች። በሚቀጥለው ወር ኒካሕ እናስራለን፣ ኢንሻአላህ።»

የተማም እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ ፋርቱንን አያት። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ቀጥ አድርጎ አያት። ያ እይታ ጥያቄ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ብቻ። ፋርቱን ራሷን ልትነቀንቅ፣ በዓይኗ እንኳ «አይደለም» ልትለው ፈለገች። ግን ኢዲል ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛታለች፤ ያረጀው መዳፍ እጇን ጭብጥ አድርጎ በስስት ይደባብሳል። ፋርቱን አንገቷን ደፋች።

ቀና ስትል ተማም አልነበረም። የውኃው ጎማ ተከፍቶ ውኃው በሣሩ ላይ ዝም ብሎ ይፈስሳል።

*

ለመግሪብ አዛን ሲባል ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ፋርቱን ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ፋርቱን፣» ይላል የተማም ድምፅ፤ የታመመ ሰው ድምፅ ይመስላል። «እኔ አንቺን አልወቅስም። አንድ ቀን እንኳ ቃል አልገባሽልኝም። እኔ ነኝ ብቻዬን ስገነባ የከረምኩት። ቢዮ አዋሌ መንደር ያለው የችግኝ ጣቢያ ሰው ይፈልጋል ብለውኝ በአንቺ ምክንያት እምቢ ብዬ ነበር። ዛሬ እሺ አልኳቸው። ነገ ጠዋት ችግኝ ከጫነው ኢሱዙ ጋር እሄዳለሁ፤ ከደቻቱ ማዶ ነው የሚነሣው። ዊዳድን ሳሚልኝ። አጎቷ ጥሩ ሰው ይመስላል። አላህ ያስደስትሽ።»

መልሳ ሰማችው። ደግማ ሰማችው። ደወለችለት፤ ስልኩ ተዘግቷል። «አንድ ቀን እንኳ ቃል አልገባሽልኝም» ያለው እውነት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሻሂ ብቻ ስታቀርብለት ከረመች። በዓይኗ የነገረችው ሁሉ፣ ለእሱ ብላ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ ያጠበችው፣ የእግሩን ኮቴ ከሌላው ኮቴ ለይታ ማወቋ፣ ይህን ሁሉ ማን ይንገረው? አፍ አውጥታ አልተናገረችምና እንዳልነበረ ሆነ። ፋርቱን ፊቷን በቀዝቃዛው ውኃ ደጋግማ ታጠበች፤ እንባው ግን ከውኃው ይልቅ ይሞቅ ነበርና ተለይቶ ይታወቃት ነበር።

*

በማግሥቱ ማለዳ ጓሮው እንደወትሮው ነው። ዊዳድ ብርድ ልብስ ተከናንባ ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። ዋኖሶቹ ወርደው ይጠጣሉ። ዐብዲወሊ ዳቦ ይቆርሳል፤ ኢዲል ሻሂ ትቀዳለች። ፋርቱን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«ሆዮ፣ ላናግርሽ።»

ኢዲል የፊቷን መገርጣት አየችና ልጅቷን «ዊዳድ፣ ግቢና ሹራብሽን ልበሺ» ብላ ላከቻት።

«ዱማሉን አልችልም» አለች ፋርቱን።

የኢዲል እጅ ሻሂ መቅዳቱን አላቋረጠም። «ዐብዲወሊ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ወንድሜ ነው። እንደ ወንድም ነው የማየው።»

«ሰው አለሽ።»

«አለኝ።»

«ማነው?»

የፋርቱን ዓይን አሳበቃት፤ ወደ ገንዳው ሄደ። ኢዲል ዓይኗን ተከትላ አየች። ሻሂው ከብርጭቆው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ተማም» አለች፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ትንፋሽ ነበር። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። በገዛ እጄ በሬን ከፍቼ፣ ዳቦዬን ቆርሼ፣ ልጄ ብዬ።»

«ሆዮ፣ አንድም ነገር...»

«ዝም በይ። ክፉ ነገር እንዳልሠራሽ አውቃለሁ። ብትሠሪ ይሻለኝ ነበር፤ አባርርሽ ነበር።» ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ልጄን በረሃ በላው። እናቶች ዓርብ ዓርብ የልጃቸውን መቃብር ይዘይራሉ፤ እኔ እሱም የለኝ። የቀረችኝ ይቺ ናት። ዊዳድ ስትስቅ ጥርሷ የእሱ ነው። ወፎቹን ስትጠራ ድምፅዋ የእሱ ነው። አንቺ ወጣት ነሽ ፋርቱን፤ ሌላ ትወልጃለሽ። እኔ ከየት ልውለድ?»

ፋርቱን አለቀሰች። «አልወስድብሽም፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ...»

«ዛሬ እዚሁ ከተማ ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ። የሌላ ወንድ ሚስት ሆነሽ እግርሽ እሱ ወዳለበት ይሄዳል፤ ልጅቷም ትከተልሻለች። ስሚኝ። መሄድ ካሻሽ ሂጂ። አልይዝሽም፤ አልረግምሽምም። ዊዳድ ግን የዒሴ ናት፤ ከዚህ ግቢ አትወጣም። መቅረት ካሻሽ ደግሞ ያንን ሰው ዳግም እንደማታዪው በአላህ ስም ቃል ግቢልኝ። ዛሬውኑ።»

ዐብዲወሊ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠና ተነሣ። «ሆዮ፣ እኔን ከዚህ ነገር አውጪኝ» አለ። «ወንድሜን እወድ ነበር። ሚስቱን እያስለቀስኩ ቤቱን ማቅናት አልችልም።» ወደ ፋርቱንም ዞር አለ። «አላወቅኩም ነበር። አፉ በይኝ፤ ይቅርታሽን እሻለሁ።» ጫማውን ሳይቋጥር ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቀሩ። እናትና ልጅ ያደረጋቸው ሰው ሞቷል፤ የሚያስታርቃቸውም እሱ ብቻ ነበር። ፋርቱን የምትጠላው ሰው ብታገኝ ምንኛ በቀለላት። አላገኘችም። ኢዲልን ይበልጥ ወደደቻት፤ ያ ነው የገደላት።

*

ከበሩ ስትወጣ ሻሿን ብቻ ነው ደርባ የወጣችው። ተማምን ልትሰናበት ነው የምትሄደው፤ ለራሷ እንዲህ አለች። ውሸት እንደሆነ ግን እግሯ ያውቃል፤ እንደሚሰናበት ሰው ሳይሆን እንደሚያመልጥ ሰው ይቸኩላል። ዊዳድ ሹራቧን በግልባጩ ለብሳ ከበሩ ሥር ቆማ «እማ፣ የት ነው?» አለቻት።

«እመጣለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ የታወሳት። የልጅቷ ፊት ተለወጠ። ፋርቱን ዞር ብላ ሳታይ ሄደች፤ ዞር ብትል ኖሮ አትሄድም ነበር።

ደቻቱ በብርዱ ወራት ውኃ የለውም። ሰፊ አሸዋ ነው፤ ግመሎች ያልፉበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድልድዩ ላይ ባጃጆች እየተጋፉ ያልፋሉ። ፋርቱን ድልድዩን እስከ መሐል ተጓዘች። ከወዲያ ማዶ ችግኝ የጫነ ኢሱዙ ቆሟል፤ ቅጠሎቹ በነፋሱ ይርገበገባሉ። ጎኑ ላይ ተደግፎ የቆመው ሰው እሱ ነው። ትንሽ ነው የቀራት። እግሯ ቆመ።

ወደፊት ብላ ሞከረች። አልሄደም። የድልድዩን ብረት ያዘች። ከኋላዋ ልጇ ሹራቧን በግልባጩ ለብሳ ቆማለች፤ ከፊቷ እሱ። የትኛውም ወገን ቢጎትታት የሚቀደደው ያው የእሷ አካል ነው።

ተማም አያት። መጀመሪያ አላመነም፤ ከዚያ እየሮጠ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ግን ኩራቱ ያዘውና ራቅ ብሎ ቆመ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት።

«ለምኑ?»

«ትናንት ነገረኝ እኮ።»

«አንተ ደግሞ አመንከው።»

«አንገትሽን ደፋሽ ፋርቱን። አየሁሽ፤ ጠየቅኩሽ፤ አንገትሽን ደፋሽ።»

«ሆዮ እጄን ይዛኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «እጄን እየደባበሰች ነበር። በዚያ እጅ እንዴት ልግፋት? ዛሬ ጠዋት ግን እምቢ አልኩ። ሰው አለኝ አልኩ። ስምህ ተጠራ።»

የተማም ፊት በራ። ብርሃኑ ግን ዓይኗን እስኪያይ ነበር። «እና ለምንድነው የምታለቅሺው?»

ነገረችው። ኢዲል ያለችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ሲሰማ ቀስ እያለ ወደ ድልድዩ ብረት ተጠጋና እሱም ያዘው። ጎን ለጎን ቆመው ደረቁን አሸዋ አዩ።

«አሁን አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «ነይ እንሂድ እንዳትለኝ። ካልከኝ እሄዳለሁ። ያን ያህል ነው የምወድህ፤ ዛሬ ነው የምነግርህ፤ ቀድሜ ስላልነገርኩህ እያቃጠለኝ ነው። ነይ ካልከኝ ልጄን ትቼ እከተልሃለሁ። ከሄድኩ በኋላ ግን ዕድሜዬን በሙሉ እጠላሃለሁ። ልጅ በሳቀ ቁጥር እጠላሃለሁ።»

የኢሱዙው ሹፌር ጥሩንባ ነፋ። ተማም አልዞረም። ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ሊተፋው እንደሚታገል ታያለች። ግማሽ ልቧ አትበል ይላል፤ ግማሹ በል፣ በለኝ፣ ገላግለኝ ይላል። ሹፌሩ እንደገና ነፋ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፤ ኢሱዙው ችግኞቹን እያወዛወዘ ሄደ።

«ሊወጣ ነበር» አለ ተማም በመጨረሻ። «ምላሴ ላይ ነበር።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ነይ፣ ቤትሽ ላድርስሽ።»

ዕቃውን ጭኖ የሄደውን መኪና ዞር ብሎ አላየም። የሻሿን ጫፍ እንኳ ሳይነካ፣ በአንድ እርምጃ ርቀት፣ አብሯት ወደ ከዚራ ተመለሰ። ሰው ያያቸዋል። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ፋርቱን ግን በዚያ መንገድ ላይ እንደተወደደችው ተወድዳ አታውቅም፤ የሚወዳት ሰው ራሱ እሷን ወደሚያጣበት ቤት እየሸኛት መሆኑን እያወቀች፣ መንገዱ እንዳያልቅ ለመነች።

*

በሩ አልተዘጋም ነበር። ኢዲል ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ዊዳድን ጭኗ መሐል አድርጋ በሁለት እጇ ይዛታለች። ልጅቷ እናቷን ስታይ ከአያቷ እጅ አምልጣ ሮጠች፤ ፋርቱን መንገዱ ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። የልጅቷ ልብ እንደ ወፍ ልብ ይመታል።

ተማም ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ።

«አዴ ኢዲል» አለ፤ እናቴ ብሎ ማክበሩ ነው። «ልጅሽን መልሼ አምጥቼልሻለሁ። ምንም ልጠይቅሽ አልመጣሁም። ብቻዋን ልለቃት ስላልቻልኩ ነው።»

ኢዲል ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ጎረቤቶች ትሄዳለህ ሲሉ ሰማሁ» አለችው።

«መኪናው ሄደ።»

«አንተን ጥሎ?»

«እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ነይ ብትላት ትመጣልህ ነበር?»

ተማም ለመዋሸት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ትመጣ ነበር» አለ።

ኢዲል በሩን ተደግፋ ተነሣች። ልትጮህ ነው ብላ ፋርቱን ልጇን ይበልጥ አቀፈቻት። አልጮኸችም። «ስትወጣ አየኋት» አለች ቀስ ብላ። «ይቺም ሄደች አልኩ። በእጄ ገፍቼ አወጣኋት አልኩ። ዊዳድ "አዬዮ፣ አያቴ፣ እማም እንደ አባ ነው የምትመጣው?" አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? እዚሁ ተቀመጥኩ።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ልጅቷ ከዚህ ግቢ አትወጣም። ፋርቱንም አትወጣም። አልችልም፤ እሞታለሁ። ወደዚህ የሚገባ ሰው ካለ ግን ይግባ። እወቅ ተማም፣ ሰው ይስቅብሃል። የሟች ቤት ገባ፣ አሮጊት እያዘዘችው ይኖራል ይሉሃል። ወንድ ይህን አይወድም። የምትችለው ከሆነ አሁን ንገረኝ፤ የማትችለው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ሂድልን።»

ፋርቱን አላየችውም። ለማየት አቅም አልነበራትም። የልጇን ፀጉር እያሸተተች ዓይኗን ጨፈነች።

«ሰው የሚለው አይጎዳኝም አልልሽም» አለ ተማም። «ይጎዳኛል። አጎቶቼም እሺ አይሉኝም። ግን ዛሬ ድልድዩ ላይ ሳጣት የተሰማኝ ነገር ከዚያ ይበልጣል። ሽማግሌ እልካለሁ አዴ።»

«ላክ» አለች ኢዲል። «ፈጥነህ ላክ፤ ልቤ ሳይመለስብኝ።»

ዞር ብላ ወደ ቤት ገባች። ተማም ቆሞ ፋርቱንን አያት፤ እሷም ቀና ብላ፣ ማንንም ሳትፈራ፣ አንገቷን ሳትደፋ አየችው። ከዚያ ሄደ። ልትጠራው፣ ልትከተለው፣ በመንገዱ ሁሉ ስሙን ልትጮህ ፈለገች። ደስታ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ልጇን በእጇ ይዛ ገባች። ኢዲል ወጥ ቤት ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። ፋርቱን ከኋላዋ ተጠጋችና አቀፈቻት።

«ሆዮ» አለች።

«ዝም በይ» አለቻት ኢዲል። እጇን ግን ወደ ኋላ ሰድዳ የፋርቱንን እጅ አገኘችው፤ ጭብጥ አድርጋ ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።